ከወለል በታች የሚሠራው አማች

በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ሰው የሚከበረው በሚሠራው ሥራ ሳይሆን የሥራው ስም ሲጠራ ጆሮ ላይ በሚያደርገው ነገር ነው። «ኃላፊ» ከተባልክ ወንበር ይለቀቅልሃል። «ኢንጂነር» ከተባልክ ወንበሩ በነጠላ ጫፍ ይጠረግልሃል። እጅህ ላይ ግሪስ ከታየ ግን፣ ግሪሱ ከወፍጮ ቤት ይምጣ ከአውሮፕላን ማንም አይጠይቅህም፤ «ብረት ቀጥቃጭ» ትባላለህ፣ አለቀ። እዚህ አገር ከበግ ጠጉር የተሸመነ ባና ተጠቅልሎ ሲሞቀው አድሮ፣ ጠዋት ተነሥቶ ባናውን የሸመነለትን ሰው የሚሰድብ ጨዋ ሞልቷል። ብርዱን እንኳ አያፍርም።

ጓደኛዬ ወዳጆ ይህን ከልጅነቱ ያውቃል። የተወለደው ቀየት ከሚባል ቦታ ወጣ ብሎ፣ ገብስ ከሚዘሩና በግ ከሚያረቡ ቤተሰብ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስንደርስ መሐል ሜዳ አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ ከቤት በሚላክልን በሶና ቆሎ አብረን ተማርን። እኔ መምህርነት ደረሰኝና እዚሁ ቀረሁ። እሱ አዲስ አበባ ሄዶ የአውሮፕላን ጥገና ተማረና ሃንጋር በሚባል ትልቅ የአውሮፕላን መጠገኛ አዳራሽ ውስጥ ተቀጠረ። ስለ እሱ የምጽፈው ታላቅ ሰው ስለሆነ አይደለም። ደመወዙ የማትበቃው፣ ሚኒባስ ላይ እንደ ሁላችንም የሚጋፋ ሰው ነው። የምጽፈው የተደረገበት ነገር ስላናደደኝ ነው፤ ንዴቴም እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ሥራው እንዲህ ነው። ትልልቅ አውሮፕላኖች ውስጥ፣ ተሳፋሪው ከሚረግጠው ወለል በታች፣ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኖች የተደረደሩበት ጠባብ ክፍል አለ። አውሮፕላኑ የት እንደደረሰ፣ ምን ያህል ከፍ እንዳለ፣ ወዴት መዞር እንዳለበት የሚያውቁት እነዚያ ሳጥኖች ናቸው። ከእነሱ በላይስ ምን አለ? የአስተናጋጆቹ ኩሽናና ሽንት ቤት! ይህን ያሰበው ሰው መንዜ አለመሆኑን እርግጠኛ ነኝ፤ እኛ ቢያንስ ሽንት ቤቱን ከቤት አርቀን ነው የምንቆፍረው። እንግዲህ ከላይ ሻይ ይደፋል፣ ቧንቧ ያንጠባጥባል፣ የሽንት ቤቱ መጋጠሚያ ይላላል። ውኃው ደግሞ ቁልቁል መውረድ እንጂ ሌላ ነገር አያውቅም።

የባሰው ግን ማንም ያላፈሰሰው ውኃ ነው። አውሮፕላኑ ከፍ ሲል ውጪው ከጓሳ ተራራ ውርጭ የከፋ ብርድ ነው። የተሳፋሪው ሁሉ ትንፋሽ ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ብረት ሲነካ በረዶ ይሆናል፤ ለማረፍ ሲወርድ ደግሞ ይቀልጥና ይንጠባጠባል። በኅዳር ጠዋት የትምህርት ቤታችን ቆርቆሮ ሲያልበው ደብተራችን ላይ ጠብ የሚለውን ውኃ አስቡት። እኛ ደብተራችንን እናነሣ ነበር። ሳጥኖቹን ግን የሚያነሣቸው የለም።

ወዳጆ ይህን ውኃ ይከላከላል። የወለሉን መጋጠሚያ በማሸጊያ ይደፍናል። የማፍሰሻ ቱቦዎቹን ይጠርጋል፤ ከሳጥኖቹ በላይ የተዘረጋው መከለያ አለመሰንጠቁን በእጁ ይዳስሳል። ገመዶቹ ሳጥኑ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ወደ ታች ረገብ ብለው እንዲመለሱ አድርጎ ያስራቸዋል፤ ውኃ ገመዱን ተከትሎ ቢመጣ እንኳ ከረገበው ቦታ ላይ ጠብ ብሎ ይቀራል እንጂ ሽቅብ ወጥቶ ሳጥኑ ውስጥ አይገባም። ሲጨርስ በጀርባው ተኝቶ፣ ክንዱን እስከ ብብቱ አስገብቶ ይዳብስና «ደረቅ ነው» ይላል። እሱ ደረቅ ነው ካላለ አውሮፕላኑ ከሃንጋሩ አይወጣም።

ጽናት ከእኔ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምር ነበር። ያስተዋወቅኳቸው እኔ ነኝ። ወዳጆ ሥራውን ምንም ሳይደብቅ ሲነግራት፣ «ሽንት ቤቱ ቢፈስብህስ?» አለችው። «እታጠባለሁ» አላት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ነገሩ ከዚያ ጀመረ። ሲዋደዱ ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ለመጋባት ቆረጡ። ጽናት አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፤ ጋብቻው በአባቷ ምርቃት እንዲሆን። አንድ ልጅ ናት፤ አባቷን ትወዳለች።

አባቷ አቶ ሀብተ ማርያም ከአንድ መሥሪያ ቤት በኃላፊነት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ወንበሩን ትተው ሲወጡ አቀማመጡን ይዘው ነው የወጡት። ገበያ መካከል ቆመው እንኳ የተቀመጡ ይመስላሉ። ሰላም ስትላቸው ማመልከቻ ያስገባህ ይመስል ትንሽ ቆይተው ነው የሚመልሱልህ።

ሽማግሌ ሆነው የሄዱት የወዳጆ አጎት ጋሽ ይታየውና መሪጌታ መርስዔ ኃዘን ናቸው፤ ሦስተኛ ሰው ጎደለ ተብሎ እኔም ተጨመርኩ። መንገድ ላይ የወዳጆን ሥራ ለጋሽ ይታየው አስረድቻቸዋለሁ። «ገባኝ፣ ገባኝ» እያሉ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ነበር። ቤቱ ስንደርስ ደንቡን ጠበቅን።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ አቶ ሀብተ ማርያም።

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ይታየው። «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው የመጣነው።»

«ልጃችሁ ምን ይሠራል?»

ጋሽ ይታየው ግድግዳውን አዩ። ግድግዳው በምስክር ወረቀትና አቶ ሀብተ ማርያም ከየአለቃው ጋር በተነሡት ፎቶ ተሸፍኗል። ያን ሲያዩ ወኔያቸው ከዳቸው መሰለኝ። «አውሮፕላን ላይ ነው» አሉ። እሱ እውነት ነው። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ምን ነበረበት?

«አውሮፕላን ላይ ምን?»

«ያበራል» አሉ።

ሳልኩ። ጋሽ ይታየው እግሬን ረገጡኝ። «አትዋሽ» የሚለውን ሕግ በግዕዝም በአማርኛም የሚያውቁት መሪጌታ ጣራውን ይመለከቱ ጀመር። አቶ ሀብተ ማርያም ደግሞ ሌላ ሰው ሲመጣባቸው ሰባት ቤት ዘር የሚያስቆጥሩ፣ «ከዘመድ ልማከር፣ በሌላ ቀን ተመለሱ» እያሉ ሽማግሌ የሚያመላልሱት ሰውዬ፣ ዛሬ የወዳጆን የአያት ስም እንኳ ሳይጠይቁ «እንግዲህ ተቀመጡ!» አሉና ጠላ አስቀዱልን።

ስንወጣ፣ «ምን ማድረግዎ ነው?» አልኳቸው ጋሽ ይታየውን።

«ታዲያ ምን ልበል? ሽንት ቤት ሥር ተንጋሎ ውኃ ይጠርጋል ልበል? አንተ ልጅ፣ የሰው ልጅ ሊለምኑ ሄደው እንዲህ ይባላል?»

«መሪጌታ፣ እርስዎስ?»

«እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ መሪጌታ። በእኛ አገር ይህ ማለት እኔን አትጠይቀኝ ማለት ነው።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የጋሽ ይታየው ውሸት ግን እያደር ከበደ። ገበያ ሳይፈታ ወዳጆ «ካፒቴን» ሆነ። ወሬው ጎረቤት ከተማ ሞላሌ ሲደርስ የውጭ አገር አብራሪዎች አስተማሪም ሆኖ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ገብስ ሲሸጡልኝ ፊታቸውን የሚያዞሩት ሴትዮ፣ የካፒቴኑ ጓደኛ መሆኔን ሲሰሙ ቁናውን ከምረው ሰፈሩልኝ። ሌላው ደግሞ፣ «በላያችን ሲያልፍ አንዴ ክላክስ ቢያደርግልን ምናለበት?» አለኝ። ይህን ያለኝ ዲግሪ ያለው ሰው ነው። ወዳጆ ያው ወዳጆ ነው፤ ትናንት «ያ የቀየቱ ልጅ» ሲሉት የነበሩት ናቸው ዛሬ አንቱ የሚሉት።

ለወዳጆ ስልክ ደውዬ ነገርኩት። «ራሴ መጥቼ እነግራቸዋለሁ» አለኝ። ወንድ ልጅ ሽማግሌ ከላከ በኋላ ራሱ እልፍኝ ገብቶ ስለ ራሱ መናገር በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ አልኩት። «ነውሩ ቀድሞ ገብቷል» አለ። በማግስቱ የደብረ ብርሃኑ ሚኒባስ አቧራ አልብሶ አወረደው። ሽማግሌዎቹን ሰብስበን ተመልሰን ሄድን።

ወዳጆ ሳይቀመጥ ተናገረ። አብራሪ አለመሆኑን፣ ከወለል በታች እንደሚሠራ፣ የሚሠራውንም እንዳለ ዘረዘረላቸው። አንድ ጊዜ አንዲት ተሳላሚ በጀሪካን ይዛው የገባችው ጠበል ተደፍቶ ወለሉን አልፎ እንደወረደና መከለያው ይዞት ሳጥኖቹ እንደተረፉም አወራ። መሪጌታ ይኼኔ ዕድል አገኘሁ ብለው ገቡ።

«ጠበል ከሆነማ ምን ይጎዳል? ይባርከዋል እንጂ።»

«መሪጌታ፣ ሳጥኑ ጠበልን ከዕቃ እጣቢ አይለይም» አለ ወዳጆ። «ሁለቱም ያቃጥሉታል።»

መሪጌታ አማተቡ። አቶ ሀብተ ማርያም ግን ከዚህ ሁሉ የሰሙት አንዲት ቃል ብቻ ነው።

«ሽንት ቤት?» አሉ።

«አዎ ጋሼ። ከእሱ የሚመጣውም አለበት።»

አቶ ሀብተ ማርያም የመሥሪያ ቤት ሰው ናቸውና መፍትሔ አመጡ። «የሆነው ሆኗል» አሉ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አገሩ ሁሉ ሰምቷል። የሰርጉ ቀን ትከሻው ላይ ወርቃማ መስመር ያለው ነጭ ሸሚዝ ትለብሳለህ፣ ኮፍያውንም ታደርጋለህ። ሰው ሲጠይቅህ ፈገግ ትላለህ። ዋሽ አላልኩህም፤ ዝም በል ነው ያልኩህ። ልጄን መርቄ እሰጥሃለሁ። ለአንድ ቀን ምን ይከብድሃል?»

ጋሽ ይታየው ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። «ተባረኩ! ይኼ ነው የአባት ቃል!» አሉ። መሪጌታም አብረው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም ወዳጆን ማየት ጀመሩ። ከጓዳው በር ጥግ ጽናት ቆማ ትሰማለች፤ እናቷ እትዬ ወለተኪዳን ከኋላዋ ክንዷን ይዘዋል። ወዳጆ ፈገግ ካለ ጽናትንም ምርቃቱንም ይዞ ይወጣል። እኔ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እሱን ብሆን ኮፍያው በየት ይገዛል ብዬ እጠይቅ ነበር።

«ጋሼ» አለ ወዳጆ፣ «እኔ እጄን አስገብቼ ደረቅ ነው ስል አብራሪው አያየኝም። አምኖኝ ነው የሚነሣው። ሰዉም አምኖኝ ነው የሚተኛው። አንድ ቀን ብቻ ልዋሽ ካልኩ ያ ቀን የትኛው እንደሚሆን አላውቅም። ልጅዎን እወዳታለሁ። ይኼን ግን አልችልም።»

«እንግዲያው» አሉ አቶ ሀብተ ማርያም፣ «እኔም ልጄን ለቧንቧ ጠራጊ አልሰጥም።»

ወዳጆ እጅ ነሥቶ ወጣ። ጋሽ ይታየው ውጪ ላይ ሲሰድቡት ያመሹትን አልደግመውም። በዕድሜዬ ብዙ ሞኝ አይቻለሁ፤ በራሱ ውሸት ምክንያት እውነተኛውን ሰው «አዋረድከን» ብሎ የሚቆጣ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ጽናት የትምህርቱ ዘመን እስኪያልቅ ጠበቀች። አባቷን በየዕለቱ ለመነች፤ በየዕለቱ «ኮፍያውን ያድርግና ይምጣ» ተባለች። ክረምቱ ሲገባ ሻንጣዋን ይዛ አዲስ አበባ ሄደች፤ በጥቂት ሰው ፊት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። እትዬ ወለተኪዳን ባላቸው «አትሄጂም» ስላሉ ቀሩ። ሲያለቅሱ ሰንብተው ዓይናቸው አብጦ ነበር፤ ጎረቤት ሲጠይቃቸው ጭስ ነው ይሉ ነበር።

አቶ ሀብተ ማርያም ግን ተሸናፊ ሆነው መታየት አይወዱም። «አማቼ በረራ ስለበዛበት ሰርጉ አዲስ አበባ ተደረገ» ብለው አወጁ። ልጃቸውን ለቧንቧ ጠራጊ የከለከሉት ሰውዬ፣ ሲወሰድባቸው ለካፒቴን ሰጠሁ አሉ! ከዚያ ወዲያ ወዳጆ መሐል ሜዳ መግባት የለበትም፤ ምክንያቱም ይህ ሰው ምን ትሠራለህ ሲባል የሚሠራውን የሚናገር አመል አለበት። በእኔ በኩል መልእክት ላኩ፤ «ጽናት በዓል በዓል ትምጣ። እሱ ሥራ ላይ ይሁን።»

እሷም ብቻዋን መጣች፤ ገናን መጣች፣ ፋሲካን መጣች። ልጅ ወልዳ ሐናን አዝላም ብቻዋን መጣች። ሰው «ካፒቴኑስ?» ሲል አባቷ ከአፏ ቀድመው፣ «በረራ ላይ ነው» ይላሉ። የሚገርመው ግማሹ ሰው እውነቱን ያውቀዋል። መሪጌታ ሁለት ብርሌ ጠጅ ሲቀምሱ ለስንቱ ነግረዋል! እያወቁ ይጠይቃሉ፣ የሚጠየቁትም እያወቁ ይመልሳሉ፣ ከዚያ ሁሉም ተከባብሮ ይለያያል። ጨዋነት ይሉታል ይኼን።

ባለፈው ፋሲካ እኔም ተጠርቼ ነበር። አቶ ሀብተ ማርያም የድሮ ባልደረቦቻቸውን ሰብስበው ከላይ ተቀምጠዋል። እንጀራው ቀርቧል፤ ሁዳዴን ሙሉ የጾመ አንጀት ሁሉ ዶሮ ወጡን ይጠብቃል። እትዬ ወለተኪዳን ድስቱን ከጓዳ አምጥተው ከገበታው አጠገብ አሳረፉት። ይኼኔ አንዱ እንግዳ፣ አፉን ሥራ ለማስያዝ ያህል፣ «ካፒቴኑ ዘንድሮም አልመጡም?» አለ።

«ምን ይደረግ!» አሉ አቶ ሀብተ ማርያም። «በዓሉን ሰማይ ላይ ነው የሚውለው።»

ጽናት ሐናን ታቅፋ ከአባቷ ጎን ተቀምጣለች። «አባዬ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ፣ «ባሌ ሰማይ ላይ አይደለም። አጥሩ ጋ ቆሟል። ሳልጠራው አይገባም፤ እኔም አንተ ግባ ሳትለው አልጠራውም።»

ያን ቀን የጓሳ ነፋስ በሩን ሲገፋው ይሰማ ነበር። በአቶ ሀብተ ማርያም ፊት ላይ ለአፍታ አንድ ነገር አለፈ፤ ሰው ሊሆኑ ነው ብዬ አምላኬን ላመሰግን ነበር። እሳቸው ግን ወደ ልጃቸው ጎንበስ ብለው፣ በትንሽ ድምፅ፣

«እንግዶቹ እስኪሄዱ እዚያው ይቆይ» አሉ።

ጽናት አላለቀሰችም። ሐናን በጀርባዋ አዘለች፣ ነጠላዋን አደረገች፣ ወጣች። አቶ ሀብተ ማርያም ወደ እንግዶቹ ዞረው ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «እንብላ እንጂ፤ አውጪላቸው» አሉ ለሚስታቸው።

እትዬ ወለተኪዳን ለባላቸው እምቢ ብለው አያውቁም። ያን ቀንም እምቢ አላሉም፤ ምንም አልተናገሩም። ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ከተቱ፣ ድስቱን በሁለት ጨርቅ ይዘው አነሡና በእንግዶቹ መካከል አልፈው በበሩ ወጡ። እኔም እንጀራ ከነሌማቱ አንሥቼ ተከተልኳቸው።

ወዳጆ በነፋሱ አንገትጌውን ወደ ላይ አድርጎ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል፤ ጽናትም ሐናን አዝላ አጠገቡ ናት። እትዬ ወለተኪዳን ድስቱን ድንጋይ ላይ አስቀመጡ፤ አማቻቸውን በዓይናቸው ሲያዩት ከዚያች ከሽማግሌዎቹ ቀን ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ፣ ወጡን በጭልፋ አማሰሉና ለቤቱ አባወራ የሚቀመጠውን ፈረሰኛ የሚባል የዶሮ ብልት ፈልገው አወጡ። በእንጀራ ጠቅልለው፣ «ግባ የሚልህ ከጠፋ እኔ ወጣሁልህ፤ እንካ ልጄ» ብለው አጎረሱት።